ጋሽ ላቀው እና የድንጋይ ሰዎቻቸው

ጥጥ ላባዝት ጆንያውን ስዘረግፍ ወረቀቶቹ እግሬ ሥር ወደቁ። ሃያ ይሆናሉ፤ ተጣጥፈው በላስቲክ ታስረዋል። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠርኩት ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ አልደነገጥኩም። የልጄ የሰናይት የትምህርት ቤት ወረቀት መስሎኝ፣ ጥጥ ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ብቻ ተገረምኩ። አንዱን መዝዤ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ ላቀው ክፍል ሄድኩና እንዲያነቡልኝ ሰጠኋቸው። የማይፈለግ ከሆነ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆነኛል አልኳቸው።

መነጽራቸውን እንደ ልማዳቸው በክራባታቸው ጫፍ ጠረጉ። አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያም በቀን ብርሃን አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ተነስተው በሩን ዘጉ።

"አስኩ፣ ይሄን ሌላ ሰው አይቶታል?"

"ኧረ ማንም አላየው።"

"ሂጂና የቀሩትን በጥጥ ጠቅልለሽ አምጪልኝ። አትሩጪ።"

አትሩጪ ሲሉኝ ነው የገባኝ። ከክፍላቸው እስከ ክፍሌ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ያን ቀን ግን እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆኖብኝ ግቢው አላልቅ አለኝ። በዚያ ሰሞን፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የሰው ልጅ በአንዲት ብጣሽ የተከለከለ ወረቀት ይወሰድ ነበር። ከእኛ በላይ ካለው ሰፈር የአንዲት ሴትዮ ልጅ ተወስዶ፣ እናቲቱ ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ ተከልክላ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስትንሰቀሰቅ አይቻለሁ። ለእኔ ደግሞ ከሰናይት ሌላ የለኝም። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ፈትል ፈትዬ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች እያስረከብኩ ያሳደግኳት እሷን ብቻ ነው።

ጋሽ ላቀው ወረቀቶቹን ፎቶ በሚያጥቡበት ሳህን ውስጥ ዘፈዘፉና እንደ ሊጥ እስኪቦካ ድረስ በእጃቸው አሹት። ከዚያ በባልዲ አድርገው ሽንት ቤት ደፉት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታቸው አንድም እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳልነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄን አስቀድሜ መናገሬ፣ ኋላ አላየሁም እንዳልል ነው።

ጋሽ ላቀው ያረፉት ዘንድሮ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ነው። በዕድራችን ልማድ የሟች ፎቶ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ይቆማል፣ የሕይወት ታሪኩም በቀብሩ ላይ ይነበባል። ለእሳቸው ሁለቱም ቸገረን። ፎቶ አልተገኘም። የጉለሌን ሰው ለመታወቂያ፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና ሲያነሱ የኖሩት ሰውዬ፣ ራሳቸው የተነሱት አንድ እንኳ የላቸውም። ለሕይወት ታሪኩ የዕድሩ ጸሐፊ እኔ ዘንድ መጣ። እትዬ አስካለ፣ ከሁላችንም የሚቀርቧቸው እርስዎ ነዎት፣ ይንገሩኝና ልጻፍ አለኝ። ነገርኩት። ፎቶግራፍ አንሺ እንደነበሩ፣ ሚስታቸው በወሊድ ከነልጇ ሞታባቸው ሌላ እንዳላገቡ፣ ሰው እንደሚያከብሩ ነገርኩት። ጽፎ ጽፎ ብዕሩን አነሳና "በደርግ ጊዜ ታስረው ነበር አይደል? በምን ነበር?" አለኝ።

"እሱን እንኳ አላውቅም" አልኩት።

ቀብሩ ላይ ሲነበብ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሰዉ መሃል ቆሜ ሰማሁት። ስለ እስራቱ "ባልታወቀ ምክንያት" ይላል። ያን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ያላስጻፍኩትን ደግሞ አሁን በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ፊደሌ ጎባጣ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

ጋሽ ላቀው ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት ክራባት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ ከተወሰደባቸው በኋላ ዕቃቸውን ጭነው የሚኖሩባት ክፍል ውስጥ አስገቡት። ከዕቃው ሁሉ የምትበልጥባቸው አንዲት ሣጥን የምታህል የእንጨት ካሜራ ነበረች፤ ሦስት እግር አላት፣ ጥቁር ጨርቅም አላት። እሷን ተሸክመው እሑድ እሑድ ወደ ፈረንጆች መቃብር ይሄዳሉ። እዚህ ኖረው፣ ነግደው፣ ወልደው፣ ኋላ ነገሩ ሲበላሽ አገር ለቀው የሄዱ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ጣሊያኖች ነበሩ። ሙታናቸውን ግን ይዘው መሄድ አይችሉ። ለጋሽ ላቀው ደብዳቤ ይልካሉ፤ የአባቴን መቃብር አንድ ፎቶ ይላኩልኝ፣ የእናቴ ሐውልት ቆሟል ወይስ ወድቋል እያሉ። እሳቸውም አንስተው፣ ከጀርባው ጽፈው ይልካሉ።

መቼም ያ መቃብር የድንጋይ ከተማ ነው። ክንፍ ያለው አለ፣ ተንበርክኮ የሚያለቅስ አለ፣ ሪዙን የቆለመመ ሽማግሌ ከደረቱ በላይ ብቻ የቆመ አለ። ጋሽ ላቀው ማንኛውንም ከማንሳታቸው በፊት ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ቀጥሎ ፊቱን በውሃና በስፖንጅ ያጥባሉ፤ "ፊቱን ያልታጠበ ሰው ፎቶ አይነሳም" ይላሉ። ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ከገቡ በኋላ ደግሞ ያው ሕያው ሰው ሲያነሱ እንደለመዱት "አሁን አትተንፍሱ" ይላሉ። ለድንጋይ።

ግቢው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። የሙታን ዘመድ ይሏቸዋል። እኔም ከሁሉ ብሼ፣ ማታ ሲመለሱ በር ላይ ጠብቄ "ጋሽ ላቀው፣ ዛሬስ ስንት አስከሬን አነሱ?" እላለሁ። አይቀየሙም።

"ድንጋይ ጥሩ ደንበኛ ነው፣ አስኩ። ዓይኑን አይጨፍንም፤ አወፈርከኝ ብሎም አይመልስልሽም።"

በልቤ ግን እፈራቸው ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለመው ሥዕል ነው፤ የተቀረጸ ምስል አናውቅም። ከጣዖት ጋር የሚውል ሰው ክፉ ጥላ ይጥላል ብዬ ሰናይትን ቤታቸው እንዳትገባ ከለከልኳት። እሷ ግን ቅዳሴ ነበርኩ እያለችኝ የካሜራዋን እግር ተሸክማ ትከተላቸው ነበር። ይሄን ያወቅሁት ያ የወረቀት ነገር ከመጣ በኋላ ነው።

ስለ ወረቀቶቹ ስጠይቃት መጀመሪያ የእኔ አይደሉም አለችኝ። ስገፋባት ያዥልኝ ተብዬ ነው አለች። ያዥልኝ ያለቻት የክፍል ጓደኛዋ ነበረች። ያቺን ጓደኛዋን በዚያው ሳምንት ዓርብ ከትምህርት ቤት በር ላይ ወሰዷት። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው መቼ የእኛን በር ያንኳኳሉ የሚል ብቻ ሆነ። እኔ ልጄን ወዴት አድርጌ ላውጣት? በየማዕዘኑ ኬላ አለ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ሴት ልጅ ከሰፈር ሰፈር አትሻገርም። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ላቀው ዘንድ ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ለምንም ነገር ለምኛቸው አላውቅም።

እሳቸው አስበውበት ነበር። ቀበሌ ለመቃብሩ ሥራ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ሰጥቷቸዋል፤ እሳቸውና ሁለት ረዳት ይላል። ረዳቶቹ ነገ አንቺና ሰናይት ናችሁ አሉኝ። ሰናይት የካሜራዋን እግር ትይዛለች፣ እኔ ሁለት ባልዲና ስፖንጅ። በመቃብሩ ታችኛ ጫፍ አጥሩ የፈረሰበት ቦታ አለ፤ ከሱ ወዲያ የእንጨት ለቃሚዎች መንገድ ነው። እህቴ ደስታ ከቁስቋም በላይ፣ ከእንጦጦ ጥግ የምትኖር፣ ቅጠል ተሸክማ እየወረደች የምትሸጥ ሴት ናት። ለቃሚዎቹ ጠዋት ሸክማቸውን ያወርዳሉ፣ ወደ ቀትር ላይ ባዶ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ማንም አይጠይቃቸውም። ሰናይት ከነሱ ጋር ትቀላቀላለች፣ ደስታ ቡትቶ ቀሚስና ገመድ ይዛ ትጠብቃታለች። እኛ ሥራችንን ጨርሰን በበሩ እንወጣለን። ስድስት ሰዓት ላይ የበሩ ዘበኛ ስለሚለወጥ፣ ስንት ሆነን እንደገባን የሚቆጥር የለም።

"ስለ ልጅቷ የሚጠይቅሽ ካለ፣ ውሃ ልትቀዳ ሄደች በዪ" አሉኝ። "ሌላ አትጨምሪ። ፍርሃት ወሬ ያበዛል።"

ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ሦስት ቃል ናት። ቤት ገብቼ ሳባዝት ውዬ ስፈትል አመሸሁባት።

እሑድ ሦስት ሰዓት ግድም በሩ ላይ ደረስን። ጠመንጃ የያዘ አንድ የአብዮት ጥበቃ ተቀምጧል። እኔ አወቅሁት፤ ከዚያ በፊት ታች መንገድ ላይ ጎሚስታ ነበር፣ የማኪና ጎማ ሲነፋ አየው ነበር። እሱ አላወቀኝም። የጋሽ ላቀውን ወረቀት አየ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ፈተገ፣ ባልዲዎቼ ውስጥ እጁን ከተተ። ግቡ አለ። ገባን፤ ብዙ ሳንርቅ ግን ኮቴ ሰማሁ። ተነስቶ ተከትሎናል።

ጋሽ ላቀው ዞረው አላዩም። ሰናይትን "ቀስ እያልሽ፣ እግሯን እንዳታጋጪብኝ" አሏት እንጂ አንዳች አልተለወጡም። እንደ ሁልጊዜው ሥራቸውን ጀመሩ። እኔ ያንን መቃብር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየሁት በዚያ ቀን ነው፤ ዘበኛ ከኋላችን፣ ልጄ ከፊቴ።

መጀመሪያ የቆምነው እሳቸው ሲኞራ የሚሏት ዘንድ ነው። ነጭ የድንጋይ ሴት ናት፣ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ማሰሮ በሚመስል ነገር ላይ ተደፍታለች። ባርኔጣቸውን አወለቁና "እንደምን አደሩ ሲኞራ" አሏት። ፊቷ ስለማይገኝ ጣቶቿን አጥቢ አሉኝ። አጠብኳቸው። በጥፍሯ ሥር ሳይቀር አረንጓዴ ሻጋታ ነበረ፤ የሠራት ሰው ጥፍሯን ሁሉ ሠርቷል። ጋሽ ላቀው ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገቡ፣ አትተንፍሱ አሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠሩና ወጡ።

ቀጥሎ አጋማሹ ላይ የተሰበረ አንድ ዓምድ አለ። እኔ ወድቆ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። ሰናይት አይደለም አለችኝ በሹክሹክታ፤ ሆን ተብሎ ነው፣ በወጣትነቱ የተቀጨ ሰው መቃብር ላይ እንዲያ ያደርጋሉ። የት አወቅሽ ስላት ወደ ጋሽ ላቀው ተመለከተች። ዘበኛው ይሄን ሰምቶ ሳቀ። "ታዲያ እኛ ሰፈር ስንቱን ዓምድ ልንሰብር ነው" አለ። ጋሽ ላቀው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ።

ከዚያ ወረድ ብሎ ትራስ ላይ የተኛ የድንጋይ ሕፃን ነበረ። አጥቢው ሲሉኝ ጎንበስ አልኩ። ጉንጩ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ለስላሳ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጣዖት እያልኩ ስሸሽ የነበረው ይሄን ነው? አንዲት እናት ልጇ ከሞተባት በኋላ መልኩ እንዳይጠፋባት ድንጋይ ላይ አስቀርጻ አስቀመጠችው፤ በቃ ይኸው ነው። እሷ አገር ለቃለች። ፊቱን የሚያጥብላት ጋሽ ላቀው ናቸው። እኔ ደግሞ አስከሬን አንሺ እያልኩ ስቄባቸዋለሁ። በዚያች ሰዓት አፈርኩ፤ ግን ያ እፍረት ገና ትንሹ ነበር።

እየወረድን ወደ ታችኛው ጫፍ ተጠጋን። አጥሩ የፈረሰበት ቦታ ከፊታችን ታየኝ፤ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ከሱ ወዲያ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ሴቶች ባዶ ገመዳቸውን ይዘው ዳገቱን ሲጀምሩ ይታያሉ። ዘበኛው ግን ከአጠገባችን አልለቅ አለ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፣ ይነሳል፣ ሲጋራውን ይለኩሳል፣ ዓይኑን ከሰናይት ላይ አያነሳም። ለቃሚዎቹ ካለፉ ሌላ ቀን የለም።

ክንፉን የዘረጋ ትልቅ መልአክ ጋ ስንደርስ ዘበኛው ሰለቸውና ጋሽ ላቀውን "አንተ ሽማግሌ፣ ድንጋይ ብቻ ነው እንዴ የምታነሳው?" አላቸው። አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ አላቸው።

"ሕያውም አነሳለሁ፣ ጓድ" አሉ ጋሽ ላቀው። "ዝም ብሎ መቆም የሚችል ከተገኘ።"

"መቆም የሚያቅተው ማነው?"

"ብዙው ሰው ያቅተዋል። ድንጋይን ያለምክንያት አልመረጥኩም።"

"እኔ እቆማለሁ" አለና ሲጋራውን ጣለ።

ጋሽ ላቀው አልቸኮሉም። እንደ ሙሽራ አቆሙት። ጀርባውን ወደ አጥሩ አድርገው፣ ከመልአኩ አጠገብ፣ ጠመንጃውን በቀኝ፣ ኮሌታውን ሳይቀር አስተካከሉለት። ዓይንህን ከክንፉ ጫፍ ላይ እንዳትነቅል አሉት። "ይቺ ካሜራ አሮጊት ናት፤ ቶሎ አታይም። ሃያ እስክቆጥር ንቅንቅ እንዳትል። አንገትህን ካዞርክ ፊት የሌለው ሰው ሆነህ ትወጣለህ።"

እኔ ሦስት ሲቆጥሩ ነው የሰማሁት። ሃያ ሲሉ ገባኝ። ሰናይትም ገባት።

ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገቡ። ድምፃቸው ከውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። አንድ። ሁለት። ሰናይት የካሜራዋን እግር ለቀቀች፤ አንድ እጇን እኔ ላይ ልታደርግ ቃጣትና ተወችው። አምስት። አንዱን ባልዲ አነሳች። ስምንት ሲሉ ከአንድ ትልቅ መቃብር ጀርባ ገባች፣ አሥራ ሁለት ሲሉ በሌላኛው በኩል ወጣች። አልሮጠችም። አሥራ ስድስት ላይ ነጠላዋ ከፈረሰው አጥር በላይ አንዴ ነጭ ብላ ታየችና ጠፋች። ሰውዬው እንደ ሐውልት ደርቋል፣ የአንገቱ ሥር ይመታል፣ ላብ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

"ሃያ። እሰይ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ደግሞ ለጥንቃቄ" አሉና እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

ሁለተኛው ሃያ ሲያልቅ ዘበኛው ትንፋሹን ለቀቀና ተንቀሳቀስኩ እንዴ ብሎ ጠየቀ። ኮርቶ ነበር። አልተንቀሳቀስክም አሉት። ሳቀ። ዘወር አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

"ያቺ ልጅስ?" አለ። የጠየቀው እኔን ነው።

ሦስቷ ቃል አፌ ውስጥ ነበረች። ከቅዳሜ ጀምሮ ሳኝካት የኖርኩ ነኝ። ውሃ ልትቀዳ ሄደች ብል ኖሮ፣ አንዱ ባልዲ የለ፣ ልጅቷ የለች፣ ነገሩ ይገጥም ነበር። እሱም ፎቶውን እያሰበ ይተወን ይሆናል። ዓይኑን ሳይ ግን ቃሏ ጠፋችብኝ።

"አላውቃትም ጌታዬ" አልኩ። "እሳቸው ናቸው ያመጧት። እኔ ድንጋይ አጣቢ ነኝ።"

እዚህ ላይ ባቆም እንኳ ልጄን የካድኳት ላድናት ነው እላለሁ፣ እናት ነኝ እላለሁ። አላቆምኩም። ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩ። "ቤታቸውም ወረቀት አይቻለሁ" አልኩ።

ይሄን ያልኩት ልጄን ለማዳን አይደለም። ልጄ አጥሩን ተሻግራለች። ራሴን ለማዳን ነው።

ጋሽ ላቀው ከጨርቁ ውስጥ ወጡ። ፀጉራቸው ተንጨባሯል። አዩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ የለም። ለማንሳት ተዘጋጅተው ሳለ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ስትገባባቸው እንደሚያዩት ነበር ያዩኝ፤ ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሩ።

"እውነቷን ነው፣ ጓድ። ልጅቷን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ይቺን ሴትዮ ዛሬ ለእጥበት ነው የያዝኳት፤ ምንም አታውቅም።"

እውነቷን ነው። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ገበያ ውዬ፣ ይቺ ቃል ድንገት ትመጣብኛለች።

ዘበኛው ወረቀት የሚለውን ከሰማ ወዲያ ልጅቷን ረስቶ ጠመንጃውን አዞረባቸው። ካሜራዋን ላጣጥፍ፣ ፀሐይ ላይ አትቆምም ብለው ለመኑት፤ ፈቀደላቸው። ጨርቁን በአራት አጠፉ፣ ባርኔጣቸውን ከድንጋዩ ላይ አንስተው ከደፉ በኋላ ከፊቱ ፊቱ ሄዱ። እኔን አንቺ ሂጂ ወደ ቤትሽ አለኝ። ስፖንጁ እጄ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ቀረሁ።

ቤታቸው ሲፈተሽ እኔ ያየሁት ወረቀት ከየት ይምጣ። የተገኘው የውጭ አገር ቴምብር ያለበት ደብዳቤና ሣጥን ሙሉ የድንጋይ ሰው ፎቶ ነው። ያም በቃቸው። ሦስት ፋሲካ ታሰሩ። ኋላ አብሯቸው ታስሮ የወጣ አንድ ሰው እንደነገረኝ፣ ሲመረመሩ ወረቀቱን አምጣ ይሏቸዋል። እሳቸው ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም፣ የፎቶ ወረቀት አይታ ነው ይላሉ። ስለ እኔ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሰውዬው ይሄን ሲነግረኝ ያቺ ሴትዮ እኔ መሆኔን አያውቅም፤ ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው አለኝ። እኔም አብሬው ራሴን ነቀነቅሁ።

ሲፈቱ ካሜራዋ የለችም። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። በግቢው በር ሲገቡ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ቆሙና "አስኩ፣ ሰናይት ደህና ናት?" አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው። እሰይ አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ደርግም ወደቀ፣ እሳቸውም እርጅና ተጫናቸው፣ እኔም አረጀሁ። በአንድ ግቢ ነው የኖርነው። ምሳ እወስድላቸዋለሁ፣ ልብሳቸውን አጥባለሁ፤ ሰዉ እንዴት ያለች ጎረቤት ናት ይላል። እሳቸው እሑድ እሑድ ያለ ካሜራ መቃብሩ ድረስ ይሄዱ ነበር፤ የድንጋዮቹን ፊት አጥበው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ብቻ ጨክኜ ጀመርኩ። ሳህኑን አስቀምጬ "ጋሽ ላቀው፣ ያን ዕለት…" አልኳቸው።

"ያን ዕለት ብርሃኑ ጥሩ ነበር" አሉኝና ምሳቸውን መብላት ቀጠሉ።

ይቅር ማለታቸው ይሁን፣ አፌን መዝጋታቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለተኛ አልጀመርኩም። ሰናይት እንዴት እንደተያዙ በጠየቀችኝ ቁጥር በር ላይ ያዟቸው እላታለሁ። ይሄን የምታነበው እሷ ናትና፣ በር ላይ አልነበረም፣ ልጄ።

አሁን የቀረኝ ያን ዕለት ከመቃብሩ ወጥቼ የሄድኩበት ነው። ወደ ቤቴ አልተመለስኩም። ሐሳቡን ቀይሮ ያስመልሰኛል ብዬ፣ የቀረውን ባልዲ እዚያው ጥዬ በፈረሰው አጥር ወጣሁ። የእንጨት ለቃሚዎቹን መንገድ ያዝኩ። ሴቶቹ ካለፉ ቆይተዋል፤ ብቻዬን ነበርኩ። ባሕር ዛፍ ይዤ እቆማለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰምቼ ሁለት ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ፤ አንዱ ላም ነበረች። ቁስቋም ስደርስ ቅጥሩን በሩቁ ተሳለምኩና፣ ለመግባት አፍሬ፣ ቆሜ እንኳ ሳልጸልይ አለፍኩ።

የደስታ ቤት ከዳገቱ አናት ላይ ነው። በሩን ስገፋ ሰናይት የደስታን ቡትቶ ቀሚስ ለብሳ፣ እግሯን ዘርግታ፣ የተቀቀለ ድንች ስትልጥ አገኘኋት። ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ወዲያው ጋሽ ላቀውስ አለችኝ።

"ወደ ቤት ሄዱ" አልኳት።

ደስታ በሩን በመወርወሪያ ቆልፋ መጣች። የተከተለሽ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። እንዳልታመም ብላ ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁት። ድንች ሰጠችኝ፤ በሚጥሚጣ አጥቅሼ በላሁት፣ ሁለተኛም ጠየቅሁ። አሁንስ እንዴት ነሽ አለችኝ።

"ደርሻለሁ፣ ደስታ" አልኳት። "ልጄም አለች፣ እኔም አለሁ። ድነናል።"

እውነቴን ነበር። ድኜ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር።